‘ሰያፍ’፦ ቃሉ፣ ጎረቤቶቹና የአሊዩ አምባ ቁልቁለት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቃል ነው፤ ‘ሰያፍ’ ስለሚለው ቅጽል። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት አንድ የቅርብ ባልደረባዬ «ለአንድ ቅጽል አንድ ሰዓት ሙሉ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱን በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ቃል ዙሪያ ከሃያ ዓመት በላይ የተሸከምኩት ዕዳ ስላለ፣ ሰዓቱ ቢያንሰኝ እንጂ አይበዛብኝም። ዕዳው ምን እንደሆነ ስንደርስበት እናገራለሁ። አስቀድመን ቃሉን እንየው።

በሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣልኩ እንበል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ቁልቁል ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተኛው አግድም ነው። ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሻገረው ሰያፍ ይባላል። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የሥነ ቅርጽ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ ከሰሌዳው ወርዶ ወደ ሥራ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የግቢ በር የሚሠራ አናጢ ዘንድ እንሂድ። በሩ ከአራት እንጨት ብቻ ቢገጠም፣ ከማጠፊያው የራቀው ጎን በገዛ ክብደቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ክረምት ሳይወጣ በሩ መሬት መጎተት ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አራት ጎን ያለው ቅርጽ የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ ሊጣመም ይችላል፣ ሦስት ጎን ያለው ግን አይችልም። ስለዚህ አናጢው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ እንጨት በሰያፍ ይመታበታል። ቀጥ ያሉትን አራት እንጨቶች ቀጥ አድርጎ የሚይዛቸው ይህ ያልቀናው እንጨት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ጥንቃቄ ያደርጋል። ሰያፍ እንጨት ያልተመታበትን በር ሰዎች ‘ዘመመ’ ይሉታል። የዘመመ ጎጆ፣ የዘመመ አጥር እንላለን፤ ሁሉም ሳይታሰብባቸው፣ ጉልበት አጥተው ወደ አንድ ወገን የሄዱ ናቸው። ሰያፉ እንጨትም ለዓይን ያዘነበለ ነው፤ ነገር ግን ዘመመ አይባልም። አንዱ ያዘነበለው ስለተሸነፈ ነው፤ ሌላው ያዘነበለው ሥራ ስለተሰጠው ነው። ልብስ ሰፊም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጨርቁን በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሳይሆን በሰያፍ ሲቆርጠው፣ ያው ጨርቅ የመሳብና ከሰውነት ጋር የመስማማት ጠባይ ያገኛል።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «ቃሉ ከሰይፍ የመጣ አይደለምን?» ይሉኛል። ሦስቱ ተነባቢዎች አንድ ናቸው፤ ሰይፍም ሲሰነዘር ከትከሻ ወደ ጎን በሰያፍ ይወርዳል፤ ምስሉ ያማልላል። እኔ ግን የፊደል መመሳሰልን የዝምድና ማስረጃ አድርጎ መቀበልን አልወድም፤ በእኛ አገር የቃላት ታሪክ ጥናት ውስጥ ብዙ ውብ ተረት የገባው በዚህ በር ነው። ዛሬ የቃሉን አባት አልፈልግም፤ የሚፈለገው ከማን ጋር እንደሚጎራበት ነው።

ከጎረቤቶቹ ትልቁ ‘አግድም’ ነው። የግ-ድ-ም ቤተሰብ ሰፊ ነው። የደከመው ሰው ‘ጋደም’ ይላል፤ ድልድይ በሌለበት ወንዝ ላይ ግንድ ‘ይጋደማል’፤ ሥርዓት ሳይማር ያደገ ሰው ‘አግድም አደግ’ ይባላል፤ ሰዓቱን በልኩ መናገር የማይሻ ደግሞ ‘ሦስት ሰዓት ግድም’ ብሎ ይገላገላል። ቀጥሎ ‘ዘንበል ማለት’ አለ። ጀበናው ዘንበል ካላለ ቡና አይቀዳም፤ ሽማግሌ ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ከዚሁ ቃል ‘ዝንባሌ’ን አወጣንና የሥነ ልቦናና የትምህርት ሰዎች ሰጠናቸው። አንድ ልጅ የሒሳብ ዝንባሌ አለው ስንል ልቡ ወደዚያ አዘንብሏል ማለታችን ነው፤ ማንም በዚህ አያፍርም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር ግን ሌላ ነው። ጠማማ፣ ወልጋዳ፣ ቆልማማ። ‘ጠማማ እንጨት’ ብለን ጀምረን ‘ጠማማ ሰው’፣ ‘ጠማማ ፍርድ’ እንላለን። በተቃራኒው ‘ቀና’ እና ‘ቀጥተኛ’ የሚሉት ቃላት መስመርን ሲገልጹ ጀምረው ምግባርን ሲያመሰግኑ ይገኛሉ። በአማርኛ የቅርጽ ቃልና የግብረ ገብ ቃል እንዲህ ተሳስረው ስለሚኖሩ፣ ቀጥ ያላለውን ሁሉ በጠማማው ሰፈር የማስፈር ፈተና አለ። ‘ሰያፍ’ ግን ይህን አይፈቅድም። ‘አንተ ጠማማ!’ ስድብ ነው፤ ‘አንተ ሰያፍ!’ ብሎ የሚሳደብ ሰው ቢኖር ሰሚው ይስቅ ይሆናል እንጂ አይቆጣም። ቃሉ መስመሩ ቀጥ አለማለቱን ይናገራል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። የዛሬው ነገሬ በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

በመንገዴ ላይ ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር ላንሣ። ዛሬ ‘ሰያፍ ጽሑፍ’ የምንለው የፊደል ቅርጽ በአውሮፓ የኅትመት ታሪክ ውስጥ ከ1501 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቬኒሱ አታሚ በአልዶ ማኑዚዮ መጻሕፍት የታወቀ ነው። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል ለመለየት ፊደሉን አላዘነበሉም፤ ቀይ ቀለም ነበራቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተመዘገበ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደ ላቲኑ ሁሉ ፊደላችንንም በአንድ ቁልፍ ያጋድመዋል። እኔ አልወደውም፤ የአናባቢ ምልክቱ በእግሩ መታጠፍና መርዘም ላይ የሚገኝ ፊደል በሙሉ ሲያዘነብል ለማንበብ ያስቸግራል። የጥናት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች ሁለት ጊዜ አስቡበት። በአንጻሩ አንዲት ሰያፍ መስመር በጽሕፈታችን ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ እዝባር። ‘ወ/ሮ’፣ ‘ዶ/ር’፣ ‘ፍ/ቤት’ ስንል ያቺ ትንሽ ሰረዝ ‘እዚህ የተዘለለ ነገር አለ፣ አንተ ግን ታውቀዋለህ’ ትለናለች። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር እንደርሳለን፤ ከአንኮበር ጫፍ ደግሞ መሬቱ ወደ አፋር ዝቅታ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ አሊዩ አምባ ትገኛለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ ከታጁራና ከሐረር ወገን የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ደጋው ከመውጣታቸው በፊት የሚያርፉባትና የሚገበያዩባት የሸዋ ታላቅ የገበያ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለ አካባቢው ጽፏል፤ በተከታዩ ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ በከተማዋ ተቀምጦ የዕለት ኑሮዋን መዝግቧል። አማራ፣ አርጎባ፣ አፋር፣ ሐረሪ፣ ኦሮሞ የተገናኙባት ስፍራ ናት። አሞሌ ጨው ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ጭነቱም የሚወጣው በእንስሳት ጀርባ ነው።

ጭነት የያዘች አህያ ዳገትን ፊት ለፊት አትወጣም። ቁልቁለትም ቢሆን ቀጥ ብላ ስትወርድ ጭነቱ ወደ ማጅራቷ ይንሸራተታል። ስለዚህ መንገዱ ሰያፍ ነው። ስሌቱን እናድርገው፤ ተዳፋቱ 40 በመቶ ቢሆን፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 40 ሜትር ቢወርድ፣ ከመውረጃው መስመር 60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተቀየሰ መንገድ 20 በመቶ ብቻ ይወርዳል። ዋጋው የመንገዱ ርዝመት በእጥፍ መጨመሩ ነው። እንስሳዋም ባለቤቷም ይህን ዋጋ እያወቁ ይከፍላሉ፤ ‘አቋራጭ’ የሚባለውን የሚመርጠው ምንም ያልተሸከመ ሰው ነው።

ከመንገዱ ይልቅ ግን እርሻው ያስተምራል። በሰሜን ሸዋ ተዳፋት ማሳዎች ላይ ገበሬ በሞፈርና በቀንበር ትርፍ ውሃን የሚያወጣበትን ቦይ ያወጣል፤ ‘ፈሰስ’ ይባላል። ፈሰስ የሰያፍነት ጥበብ ነው። ፈጽሞ አግድም ከሆነ ውሃው ይቆማል፤ ደለል ይሞላዋል፤ ከዚያም አፉን ሰብሮ በመሐል ይወርዳል። ቁልቁል ከተለቀቀ ደግሞ ውሃው ጉልበት ያገኛል፣ አፈሩን ይበላል፣ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ገበሬው በሁለቱ መካከል ያለችውን ማዘንበል በዓይኑ ይለካል። የእርከን ባለሙያዎችም ይህንኑ ያውቃሉ፤ ውሃ በሚያጥርበት ቆላ እርከኑ ውሃ እንዲያቁር ጠፍጣፋ ይደረጋል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን ትርፉ በዝግታ እንዲወጣ ጥቂት ዘንበል ይላል። ማዘንበሉ ልክ አለው፤ ልኩም እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ይለያያል። በዚያ ላይ ፈሰስ መውጫ ሊኖረው ይገባል። መውጫው የጎረቤት ማሳ ከሆነ ጠብ ይነሣል።

እኔም ዕዳዬን ያገኘሁት በእንዲህ ያለ ጠብ ላይ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ የዶክትሬት ጥናቴን መረጃ ለመሰብሰብ በአሊዩ አምባ አቅራቢያ ተቀምጬ ነበር። ርእሴ የሽምግልና ንግግር ነበር። በዚያው ወር አንድ የላይ ማሳ ባለቤት ፈሰሱን ጥቂት በማዞሩ፣ ጎርፉ የታችኛውን ጎረቤት ማሽላ በመሐል ሰንጥቆ ወረደ። ሽማግሌዎች ተሰየሙ። እኔም በዕድሜ የገፉትን ሰብሳቢ አገኘኋቸውና «አባባ፣ የነገውን ሽምግልና በካሴት ብቀዳ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው። አሻግረው ወደ ተራራው ተመለከቱና «ልጄ፣ ጀንበሯም አዘቀዘቀች፤ እስቲ ይደር» አሉኝ። በያዝኩት ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ ‘ፈቅደዋል’፣ ሌላው ‘አልፈቀዱም’ የሚል። በመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረግኩ። እርሳቸው አልከለከሉኝም፤ ቀኑም መሽቶ ነበር፤ የተናገሩት ሁሉ በእኔ ዓይን ስለ ሰዓት ነበር።

በማግስቱ መቅረጫዬን ይዤ ሄድኩ። በክብር ተቀበሉኝ፤ ቡና ቀረበልኝ፤ መቀመጫ ተሰጠኝ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ባለ ስፍራ። ይህም ሁለተኛ ምልክት ነበር፤ አላየሁትም። መቅረጫውን በመካከል አስቀመጥኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ዝምታ ሆነ። ሰብሳቢው ጥቂት ቆይተው «ዛሬ ነፋስ አለ» አሉ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ‘ነፋስ የለም’ ብዬ እንደጻፍኩ እስከ ዛሬ አለ። ዱዓ ተደርጎ ሰዎቹ ተበተኑ። ማታ ያሳደረኝ የአካባቢው መምህር ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ሁለት ጊዜ ከለከሉህ እኮ!» አለኝ።

የተበላሸው የእኔ ምዕራፍ ብቻ ቢሆን ዛሬ አላነሣውም ነበር። የላይኛው ገበሬ ቃሉ ተቀድቶ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ስለመሰለው ዳግመኛ ለሽማግሌ አልቀመጥም አለ። የታችኛው ክስ መሠረተ። ብዙ ዓመት በጉርብትና የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ያን በጋ ሳይነጋገሩ አሳለፉ። ካሴቱን አጠፋሁት፤ ምዕራፉንም ከጥናቴ አወጣሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ሽማግሌው ዘንድ ስሄድ አልወቀሱኝም። ስለ ፈሰስ አጫወቱኝ። «ፈሰስ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ መውጫውን ያያል» አሉኝ፤ ከዚያም ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ወቀሳው እንዴት እንደነበረ የገባኝ ቁልቁለቱን ወጥቼ አንኮበር ስደርስ ነው።

እንግዲህ ወደ ንግግር መጣን። አማርኛ በቀጥታ ላልተነገረ ነገር ያሉት ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ሥራ አይሠሩም። ‘ዳር ዳር ማለት’ ወደ ነገሩ ለመግባት ማመንታት ነው። ‘ዙሪያ ጥምጥም’ ሰሚን የሚያደክም ነው። ‘ዘወርዋራ’ ራሱ ከመዞር የመጣ ሆኖ እንደ ተናጋሪው ብልሃትም ስንፍናም ሊሆን ይችላል። ‘አሽሙር’ እና ‘አግቦ’ ጦር አላቸው፤ የሚወጉትን ሰው ፈልገው ይወጋሉ፣ ሲጠየቁ ግን «እኔ ምን አልኩ?» ይላሉ። ‘ውስጠ ወይራ’ ደግሞ ከቅኔ ቤት ወደ ዕለት ንግግር የወጣ ቃል ነው። ‘ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ’ እና ‘ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም’ የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ደግሞ የተዘዋወረ ንግግርን በአድማጩ ብልሃት ላይ እምነት መጣል አድርገው ያዩታል። ‘ውሃ መንገዱን ሲስት ጥፋቱ የውሃው አይደለም’ የሚል ሽማግሌ ማንንም በስም አልከሰሰም፤ ጥፋተኛው ግን ሰምቷል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይዋረድ የሚመለስበት መንገድ ተትቶለታል።

የዘመናዊ ትምህርት አማርኛችን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቀለለው፤ ‘ኢ-ቀጥተኛ’። ‘ኢ’ ከግዕዝ የተዋስናት የአሉታ ምልክት ናት። ኢ-ቀጥተኛ ንግግር፣ ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ እያልን እናስተምራለን፤ እኔም አስተምራለሁ። ለሰዋስው ይበቃል። ነገር ግን ቃሉ ነገሩን በጎደለው ብቻ ይሰይመዋል፤ ቀጥተኛነት የጎደለው ማለት ነው። ሰያፍ እንጨትን ‘ቁልቁል ያልሆነ እንጨት’ እንደማለት ነው። ውሸት አይደለም፤ አናጢውን ግን አይረዳውም።

የቋንቋ ፍልስፍና ሊቃውንት ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ሰርል ስለ ተዘዋዋሪ የንግግር ድርጊቶች በጻፈው ጥናት፣ የችሎታ ጥያቄ የሚመስል ዐረፍተ ነገር እንዴት ልመና እንደሚሆን አሳይቷል፤ ጨው ልታቀብለኝ ትችላለህ ወይ የተባለ ሰው «አዎ፣ እችላለሁ» ብሎ አይቀመጥም። በዚያው ዓመት የታተመው የፖል ግራይስ ጥናት ደግሞ አድማጭ ከተባለው ወደ ተፈለገው የሚሻገርባቸውን የትብብር ሕጎች አስቀምጧል። ለእኛ አገር አንባቢ ምሳሌው ቅርብ ነው። ማዕድ ላይ ያለ ሰው ለደራሹ «እንብላ» ይላል፤ ደራሹ «ብሉ» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ትእዛዝ ነው፤ ማንም ግን ታዘዝኩ አይልም። እውነተኛው ግብዣ የሚታወቀው «በሞቴ» ሲመጣ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ የማይሆንበት ማዕድ አለ፤ የመጀመሪያው እሺታ እሺታ የማይሆንበት ሽምግልናም አለ። ያደገበት ሰው ሁለቱን አይቀላቅልም። እኔ ያደግኩበት ሰው ነበርኩ፤ ጆሮዬን የዘጋብኝ ቅጹ ነው።

በዚህ ጉዳይ ዶናልድ ሌቪንን ማንሣት ግድ ይላል፤ ጥናቱን ያደረገው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በመንዝ ነውና። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ‘ሰምና ወርቅ’ በተሰኘው መጽሐፉ፣ የአማራው ማኅበረሰብ በኅብረ ቃል የመናገር ልማድ ለባህላዊው ኑሮ እንደሚበጅ፣ ዘመናዊነት ከሚጠይቀው ጥርት ያለ አነጋገር ጋር ግን እንደሚጋጭ ተከራክሯል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ከአሻሚነት ስለመሸሽ በጻፈው መጽሐፉ ፊቱን ወደ ራሱ ሙያ አዞረና፣ የዘመናዊው ማኅበራዊ ሳይንስ አሻሚነትን በመሸሹ ብዙ እንዳጣ ጻፈ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው መጽሐፍ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ተማሪ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ይህን ስል ለሌቪን መሟገቴ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን በሁለቱም መጽሐፎቹ ስለ አሻሚነት ተናገረ እንጂ ሰያፉን ከጠማማው አልለየም። ‘እስቲ ይደር’ አሻሚ አልነበረም። ከእኔ በቀር በዚያ መንደር የሰማው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሰምቷል።

እዝባሯን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ‘ወ/ሮ’ የምትሠራው ጸሐፊውም አንባቢውም የተዘለለውን ስለሚያውቁ ነው። አንባቢው ካላወቀ አኅጽሮቱ እንቆቅልሽ ይሆናል። ሰያፍ ንግግርም እንዲሁ በጋራ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ሰያፍ የሆነውን ሁሉ ላሞግስላችሁ አልመጣሁም። ባለጉዳይ ወደ ቢሮ ሲሄድ «ጉዳይዎ ይታያል»፣ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ተናጋሪው ነገሩ የት እንደቆመ ያውቃል፤ ሰሚው አያውቅም፤ የትራንስፖርቱን ዋጋና የዋለበትን ቀን የሚከፍለው ሰሚው ነው። ይህ ንግግር ከሽማግሌው ‘ይደር’ ጋር በሰዋስው አንድ ዓይነት ነው፤ በሥራው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ማዘንበላቸው ደካማውን፣ ማለትም ተከራካሪዎቹንና በመጠኑም ቢሆን እኔን ከውርደት ለመሰወር ነበር። ባለሥልጣኑ የሚያዘነብለው ራሱን ከተጠያቂነት ለመሰወር ነው። እኔ የማቀርበው መለያ ጥያቄ አንድ ነው፤ አድማጭ ቢሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? መውጫው በማን ማሳ ላይ ነው?

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከጥናት ቅጾቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርሕ ደረጃ ይደነግጋል። እኛ ግን በየመስኩ ‘አዎ’ እና ‘አይ’ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይዘን እንሄዳለን፤ ዝምታውን፣ ‘እናያለን’ን፣ ‘አይጠፋም’ን፣ ‘እግዜር ያውቃል’ን በግድ ከሁለቱ ወደ አንዱ እንከታለን። ከዚያ ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ብዙዎቹ የመመረቂያ ጥናቶቻችን የሚጻፉት በዚያ ቋንቋ ነውና። ‘እስቲ ይደር’ በትርጉሙ ‘ለነገ አዛወሩት’ ይሆናል። ሦስተኛው አንባቢ፣ ፈታኙም ይሁን ፖሊሲ አውጪው፣ የሚያገኘው የተስማማ ገበሬ ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ እርከን፣ ስለ መልሶ ማስፈር በተሠሩ ጥናቶች ውስጥ በወረቀት ላይ የተስማሙ፣ በመሬት ላይ ግን አንድ ድንጋይ ያላነሡ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ፣ ‘ገበሬው ቃሉን አይጠብቅም’ ከማለታችሁ በፊት ቃሉ ምን እንደነበር ጠይቁ። ምናልባት በጊዜው እንቢ ብሏል።

ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ተማሪዎች ሦስተኛ ቦታ ባለው ቅጽ ይጠቀማሉ፤ ባዶ መስመር ነው። የተባለው እንደወረደ በአማርኛ፣ ወይም በአርጎብኛና በአፋርኛ፣ በተናጋሪው ቃል ይጻፍበታል፤ ማን በአጠገብ እንደነበረ፣ ተናጋሪው ወዴት እየተመለከተ እንደተናገረ፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ይጨመርበታል። ትርጓሜው ከዚያ አካባቢ ሰው ጋር እስኪነበብ ድረስ ሳጥኖቹ አይሞሉም። ሥራ ያበዛል፤ ሰንጠረዥ ለማውጣት አይመችም፤ አንዳንድ ባልደረቦቼም ‘መረጃው ይዝረከረካል’ ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ሰያፍ መንገድ ይረዝማል ብያለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ተማሪዎች ይዤ ወደዚያው ቁልቁለት ወርጄ ነበር። ሽማግሌው አልፈዋል። የላይኛው ማሳ ፈሰስ ዛሬ በወሰኑ ላይ ዞሮ ወደ ተፈጥሮ ሸለቆው ይወርዳል፤ መቼና በማን ሽምግልና እንደዞረ አልጠየቅኩም። አንዲት ተማሪዬ በዚያ ሰፈር አንዲት እናትን ልታነጋግር ሄዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቅጹን ተቀብዬ አየሁት። ሁለቱ ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። በመስመሩ ላይ «‘ቡናው ይፍላ’ አሉኝ፤ እሳቱ ግን አልተቀጣጠለም ነበር። አመስግኜ ወጣሁ» የሚል ተጽፏል።